በሰባ ዓመት ቁምጣ

አንገስ ያንግ የሚባል ሰው አለ። ሰባ ዓመት ሞልቶታል። ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ የተረፈውም ነጥቷል። በዚህ ዕድሜ ለሰው የሚያምርበት ጋቢውን ደርቦ፣ ወንበር ደጅ አስወጥቶ፣ ፀሐይ እየሞቀ አላፊ አግዳሚውን መታዘብ ነበር። እሱ ግን የተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ መድረክ ላይ ይወጣል። ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ቆብ፤ ከወገብ በታች ደግሞ ቁምጣ። አዎ፣ ቁምጣ! ሁለት የሽማግሌ ጉልበት ለዓለም አጋልጦ፣ ጊታሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በአንድ እግሩ እየነጠረ ስታዲየም ሙሉ ሰው ያስጮኻል። እኔ በዕድሜ ብዙም አልርቀው፤ የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ካልኩ ግን ቀና የሚያደርገኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሲያረጁ አምባር ይዋጁ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ ስለ ቁምጣ ግን አባቶቻችን የተረቱት ነገር የለም። ይመጣል ብለው አላሰቡማ።

ይህን ጉድ ያመጣብኝ የልጅ ልጄ ነው። ሮክ የሚሉት ሙዚቃ ልቡን ወስዶታል። "አባባ፣ ይቺን ይዩልኝማ" ይልና ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ይደቅናል። ጊታሩን ስሙልኝ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል፣ ዓይኔ ግን አሁንም ከስፌት ላይ አይነሳም። ሰውየው ሲዘል የማየው የኮቱ ትከሻ ከቦታው መነሳት አለመነሳቱን ነው። እናም መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ጥያቄ "ምን ነክቶት ነው?" የሚል አልነበረም። "ማን ሰፋለት?" ነው ያልኩት። ልጁ ሳቀ። አያውቅማ! ስለ ለባሹ ጠይቁት፤ የተወለደበትን ቀን፣ የጊታሩን ዓይነት፣ የተጣላውን ሰው ሁሉ ያነበንብላችኋል። ስለ ሰፊው ግን አንዲት ቃል የለውም። የኔ ሮሮ ከዚህ ይጀምራል።

ፈልግና ንገረኝ ብዬ አዘዝኩት። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ጉዱ የፈረንጅ ነውና በራሱ ይቆጠር።) ያንግ እስኮትላንድ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ሲድኒ፣ አውስትራሊያ የገባ ሰው ነው። በ1973 ከወንድሙ ከማልኮም ጋር ኤሲ/ዲሲ የተባለውን ባንድ አቆሙ። ዩኒፎርሙን ልበስ ያለችው እህታቸው ማርጋሬት ናት፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ጊታሩ ላይ ሲጣድ ታየው ነበርና። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ሌላም ሌላም ሞክሯል፤ ዞሮ ሆኗል፣ የሸረሪቱ ሰውዬ ሆኗል፣ ጎሪላ ሆኗል። ጎሪላ! ከዚያማ ዩኒፎርሙ ተመስገን ያሰኛል። የባንዱን ስም ያወጣችውም ይቺው እህት ናት፤ ስፌት መኪና ላይ ካየችው የኤሌክትሪክ ምልክት ወስዳ። እንግዲህ ፍረዱ። ስሙ ከስፌት መኪና የተገኘ፣ ልብሱ በእህት ምክር የተለበሰ፤ ሲጨበጨብ ግን የሚጨበጨበው ለጊታሩ ብቻ ነው። ትምህርቱን ደግሞ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ ጥሎ ወጥቷል። ትምህርቱ ቀርቶ ዩኒፎርሙ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲቆይ "ወላጅ ይዘህ ና" የሚል አንድ ዳይሬክተር እንዴት ይጠፋል?

በእኛ ጊዜ ዘፋኝ እንዴት ይለብስ እንደነበር የዛሬ ልጅ አያውቅም። የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ መድረክ ላይ ሲሰየም የአንዱ ኮት ከሌላው ኮት አይለይም ነበር። ሱሪው ከካውያ ሥር ሲወጣ በመስመሩ ሽንኩርት ይከተፋል። ዓለማየሁ እሸቴን የሐበሻው ኤልቪስ ይሉት ነበር፤ ጸጉሩን አሳምሮ፣ ወገቡን እየሰበቀ ይዘፍናል፤ ቢሆንም ሱፉ ሱፍ ነው፣ ገበሩ ገበር ነው። የልጅ ልጄ ተንኮለኛ ስለሆነ ይህን ስነግረው የፎቶ አልበም ገልብጦ በቤልቦተም የተነሳሁትን አወጣብኝ። "ይሄስ አባባ?" ይሄማ ሌላ ነው! ቤልቦተም ሒሳብ አለው። እስከ ጉልበት ጠበብ፣ ከጉልበት በታች ሰፋ፣ ቅምቅማቱ ጫማውን ሸፍኖ መሬት ሳይነካ የሚቆም። አንድ ጣት ካስረዘምከው የፒያሳን አቧራ ጠርጎ ይገባል፤ አንድ ጣት ካሳጠርከው ሰውየው ወንዝ ሊሻገር የተዘጋጀ ይመስላል። ያንን ሒሳብ ሳይማር የቆረጠ ሰፊ ስንት ጨርቅ አበላሽቷል! ደግሞስ በእኛ ጊዜ ወጣቱ ራሱ ነበር ልብስን የሚቆጣጠረው። በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ግቢውን ያናወጡት ሽማግሌዎች አይደሉም፤ ተማሪዎቹ ናቸው። ሚኒ ስከርት አንፈልግም ብለው! ይህን ብነግረው ልጁ አላመነኝም፤ ስልኩን ጠይቆ ነው ያመነው።

ኤልቪስን ካነሳን አይቀር የእሱንም እንይለት። በ1957 ከላይ እስከ ታች ወርቅ የመሰለ ሙሉ ልብስ አሰፉለት። የሰፋው ኑዲ ኮን ነው፤ ኪየቭ ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተላከ፣ ኋላ ሎስ አንጀለስ ሱቅ ከፍቶ የካውቦይ ዘፋኞችን ሁሉ በሚያብረቀርቅ ፈርጥ ያንቆጠቆጠ ልብስ ሰፊ። ኤልቪስ ምን አደረገ? ሱሪውን ተወና ኮቱን ብቻ በጥቁር ሱሪ ይለብስ ጀመር። ሙሉ ልብስ አሰፍቶ ግማሹን መልበስ! እንዲህ ያለ ደንበኛ ለኔም ገጥሞኝ ያውቃል፤ የኔው ግን የከፈለውም ግማሹን ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ነጩ አንድ ወጥ ልብስ ነው። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የተያያዘ፣ አንገትጌው ጆሮ ድረስ የቆመ፣ ደረቱ እስከ እምብርት የተከፈተ። ቢል ቤሉ የተባለ ባለሙያ ነው የነደፈው፤ በኋላ በኋላ ጥልፉን ጂን ዱሴት ይሠራው ነበር። ጥልፉን ስልኩ ላይ አጉልቼ አየሁት። ባርኔጣ የሚያስነሳ ሥራ ነው፤ እዋሻለሁ እንዴ? ጥያቄዬ ሌላ ነው። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው የሚያስበው መጀመሪያ ይህንኑ ነው፤ ሰውየው ሽንቱ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ከአንገቱ ጀምሮ ሊያወልቅ ነው? ሕዝብ ጨብጭቦ ሳይጨርስ? ይህን ጥያቄ ለልጁ ባቀርብለት "አባባ ደግሞ!" ብሎ ተነሳና ሄደ። ወጣት ነዋ፤ ገና አልገባውም።

በጥር 1973 ኤልቪስ ሆኖሉሉ ላይ በሳተላይት ለዓለም የተላለፈ ዝግጅት ነበረው። ለዚያ ቀን ቤሉ የአሜሪካ ንስር ያረፈበት ልብስ ከነካባው አዘጋጀለት። ፈርጡ በሙሉ አንድ በአንድ በእጅ ተቀምጦ። ገና ዝግጅቱ ሳይደርስ ቀበቶውን ለሰው ሚስት ሰጠ፤ ሌላ ቀበቶ በጥድፊያ ተሠራ። በዋናው ቀን ደግሞ ዘፈኑን ሲጨርስ ካባውን ገፈፈና ወደ ሕዝቡ ወረወረው። ካባ! እኛ አገር ካባ የሚደረበው ለተሾመ፣ ለተመረቀ፣ ለሙሽራ ነው፤ ለብሶት ያወለቀ ሰው እንኳ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ያኖረዋል። ያን ጊዜ የቤሉ ልብ ምን ሆኖ ይሆን? ሰፊ የሰፋው ልብስ ሲወረወር ማየት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሚወራው ሁሉ ካባውን ስለቀለበው ሰው ዕድል ነው።

ኑዲ ሱቅ ውስጥ ማኑኤል ኩዌቫስ የሚባል የሜክሲኮ ተወላጅ ሰፊ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግራም ፓርሰንስ ለሚባል ወጣት ዘፋኝ ነጭ ሙሉ ልብስ ሰፋለት። ጀርባው ላይ መስቀል ተጠለፈ። ከፊት ደግሞ ምን ቢጠለፍ ጥሩ ነው? የካናቢስ ቅጠል፣ የአደይ አበባ ያልሆነች ቀይ አበባ፣ ያቺ ሞርፊን የሚወጣባት፣ እጅጌው ላይ እንክብል። ልጁ ራሱ ነው እንዲህ አድርግልኝ ያለው። በ1973 ሃያ ሰባት ዓመት ሳይሞላው በሞርፊንና በአልኮል ሞተ። ልብሱ ዛሬ ናሽቪል በሙዚየም ውስጥ አለ። እኔ በሙያዬ ስንት ጥልፍ ጠልፌያለሁ፤ ዋንጫ፣ መስቀል፣ አንበሳ፣ የሙሽሮች ስም። ደንበኛ ያዘዘውን መሥራት ግዴታ ነው። ግን እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ሲመጣ ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ "ልጄ፣ ቁጭ በልና እንነጋገር" ማለት አልነበረበትም? ይህን ከማኑኤል ጋር ተገናኝቼ ብከራከር ደስ ይለኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የእንስሶቹ ተራ ነው። ኤልተን ጆን የሚባለው እንግሊዛዊ በመስከረም 1980 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ ፊት ዳክዬ ሆኖ ወጣ። ዶናልድ የሚሉት የካርቱን ዳክዬ፤ ከነቆቡ፣ ከነላባው፣ ከነትልቅ ቢጫ እግሩ። ሰፊው ቦብ ማኪ ነው፤ ስሙ የተጠራ ባለሙያ። ግን እኮ ኤልተን ፒያኖ ተጫዋች ነው! ፒያኖ የሚመታው ተቀምጦ ነው፣ የዳክዬው መቀመጫ ደግሞ ይህን ያህል ወደ ኋላ ወጥቷል። ሲለብስ እጁን በእግሩ ቀዳዳ አስገባ፤ ከለበሰ በኋላ ወንበሩ ላይ እንደ ልብ መቀመጥ አልቻለም፤ ይህን ራሱ ነው የተናገረው። እኔ ለማጅ ልጆቼን የማስተምረው የመጀመሪያ ትምህርት ምን መሰላችሁ? የሱሪ ልክ ስትወስዱ ሰውየውን ካቆማችሁ በኋላ አስቀምጡት። ቆሞ የሚያምር ሱሪ ሁሉ ተቀምጦ አያምርም። ዳክዬም ቢሆን ልኩ ይወሰዳል።

ሌላው ፒተር ገብርኤል ነው፤ ጀነሲስ ከሚባለው ባንድ። የመልአክ ስም ይዞ የሠራውን ስሙ። በ1972 ደብሊን ላይ ጓደኞቹ እየተጫወቱ ሳለ ድንገት ወደ ጓዳ ገባና የሚስቱን ቀይ ቀሚስ ለብሶ፣ የቀበሮ ጭንቅላት አጥልቆ ተመለሰ። ለጓደኞቹ አስቀድሞ አልነገራቸውም፤ ቢነግራቸው እንደሚከለክሉት ያውቃላ! ከበሮ መቺው ያን ቀን ምቱን እንዳልሳተ ተስፋ አደርጋለሁ። ሚስቱስ? ቀሚሷን ከቁም ሣጥን ብታጣ ማንን ጠረጠረች? ጋዜጦቹ ፎቶውን አወጡት፤ የባንዱ የመድረክ ክፍያ ከፍ አለ፤ እሱም ልብ ልብ ተሰማውና አበባ ሆነ፣ ሽማግሌ ሆነ፣ በመጨረሻም መላ ሰውነቱ እባጭ የሆነ አንድ ፍጡር ሆነ። በዚያኛው ልብስ ውስጥ ሆኖ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ ማቅረብ አቃተው። ዘፋኝ እኮ ነው! ዳክዬው መቀመጥ አልቻለ፣ ይሄኛው መዝፈን አልቻለ። ልብስ ሥራ ካስፈታህ ዕቃ ነው እንጂ ልብስ አይደለም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ሁለት ሰዎች ላይ አፌን እዘጋለሁ። አንደኛው ዴቪድ ቦዊ ነው። በ1972 ዚጊ ስታርደስት እባላለሁ፣ ከሌላ ዓለም ነው የመጣሁት ብሎ ጸጉሩን ቀይ ቀብቶ ተነሳ። ይህን ሰው ብዙ መዝለፍ እችል ነበር፤ ግን በ1992 የጎረቤታችንን የሶማሌን ልጅ ኢማንን አግብቷል፤ አማችነት ስላለ ዝም ይሻላል። አሁን ደግሞ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር። ለዚያውም ሰፊው ጃፓናዊው ካንሳይ ያማሞቶ ነው። ጥቁር የሚያብረቀርቅ፣ ሁለቱ እግሮቹ በቅስት ወደ ውጭ የተነፉ ልብስ ሰፋለት። ያ ቅስት እንዴት ሳይወድቅ እንደቆመ አጥርቼ ለማየት መነጽሬን ሁለት ጊዜ ነው የጠረግኩት። መድረክ ላይ ደግሞ ረዳቶች ከግራና ከቀኝ ይይዙትና ሳብ ሲያደርጉት የላዩ ልብስ ተነጥቆ ከሥር ሌላ ልብስ ይወጣል። ጃፓኖች በካቡኪ ቲያትራቸው ድሮም የሚያውቁት ጥበብ ነው። ሲነጠቅ የሚለቅ፣ ሳይነጠቅ የማይለቅ ስፌት መስፋት ቀላል መሰላችሁ? ሠርግ ላይ የወንድሙ ሱሪ ከኋላው የተተረተረበት ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ዴቪድ ባይርን ነው፣ የቶኪንግ ሄድስ ዘፋኝ። በታኅሣሥ 1983 ሆሊውድ ውስጥ ፊልም ሲቀረጹ ከራሱ ሦስት የሚያህል ሰው የሚያስገባ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሶ ወጣ። መጀመሪያ ሳየው ደሜ ፈላ። ስንት ደንበኛ ነው "ሰፋብኝ!" እያለ ሱቄ ድረስ እየመጣ የጮኸብኝ! ይሄ ሰው ከፍሎ አሰፋው? ነገሩን ሲያስረዱኝ ግን ተረጋጋሁ። ሐሳቡን ያገኘው ከጃፓን የኖህ ቲያትር ነው፤ ጭንቅላቱ አነስ ብሎ እንዲታይ ሰውነቱን አገዘፈው። ጌይል ብላከር የምትባል ባለሙያ ነች የሠራችው፤ ከውስጥ ትከሻና ወገብ ላይ የሚታሰር ደጋፊ አብጅታ ልብሱ ከገላው ሳይነካ እንዲንጠለጠል አደረገችው። ለዚህ ነው ሲደንስ ሰውየውና ልብሱ ለየብቻ የሚደንሱት። ሙያ ይሏል ይህ ነው። ልጁን "ጌይል ብላከርን ታውቃታለህ?" አልኩት። አያውቃትም። ባይርንን ያውቀዋል!

የቀሩትን ሳልዘገይባቸው ልለፍ፤ ዕድሜ አይበቃኝም። ኪስ የሚባሉት የኒውዮርክ ሰዎች ፊታቸውን ጥቁርና ነጭ ቀብተው፣ ቤት የሚያህል ታኮ ተጫምተው፣ እሳት እየተፉ ነው የተነሡት፤ ጂን ሲመንስ የሚባለው ገና ከጅምሩ ጸጉሩን በእሳት አስይዟል። በ1983 ቀለሙን አጠቡ፤ ፊታቸው ታየ፤ ሰው ያለቀለሙ አልወደዳቸውም መሰለኝ በ1996 ተመልሰው ተቀቡ። ስሊፕኖት የሚባሉ ዘጠኝ የአዮዋ ጎረምሶች ደግሞ የጋራዥ ቱታ ለብሰው፣ ቁጥር ለጥፈው፣ የሚያስፈራ ጭምብል አጥልቀው ይጮኻሉ። ቱታው እንኳ ጥሩ ነው፤ ሥራ ያስመስላል። ባኬትሄድ የሚባል ጊታር ተጫዋች ነጭ ጭምብል አድርጎ አናቱ ላይ የዶሮ ጥብስ መሸጫ ባልዲ ይደፋል። እጁ ግን ተአምር ነው አሉ። ይሁን፤ ባልዲ አይሰፋም፣ ስለዚህ እኔን አያገባኝም። ስላሽ የተባለው ጊታር ተጫዋች ያንን ረጅም ጥቁር ባርኔጣ በ1985 ሎስ አንጀለስ ከአንድ ሱቅ ሰርቆ እንደወጣ ራሱ ነው ያወራው። ባርኔጣው ላይ የጠመጠመው ቀበቶም ከሌላ ሱቅ የተሰረቀ ነው። ይኸውና የሰፊ ወግ! ለሰፊ አለመክፈል ብቻ ሳይሆን ለሻጭም አለመክፈል።

ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ የሚባሉት በ1994 ዉድስቶክ የሚባለው የሙዚቃ ድግስ ላይ ትልልቅ አምፖል ጭንቅላታቸው ላይ አጥልቀው ወጥተዋል። ያ የደህናው ቀናቸው ነው። በሌላው ቀን በካልሲ ብቻ ነው የወጡት። ካልሲ ብቻ ስላችሁ፣ ካልሲው ያለው እግራቸው ላይ አይደለም። ከዚህ በላይ ለመናገር ሽበቴ አይፈቅድልኝም።

ይህ ሁሉ ግን ቢያንስ ልብስ ነው፣ ካልሲውም ጭምር። አንጀቴን የሚያሳርረው የቀደዱት ናቸው። ሪቻርድ ሄል የሚባል የኒውዮርክ ዘፋኝ የተቦጨቀ ሸሚዝ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ ለበሰ። ማልኮም ማክላረን የሚባል ሰው ይህን አየና ሐሳቡን ለንደን ወሰደው፤ ኪንግስ ሮድ ቁጥር 430 ከቪቪየን ዌስትዉድ ጋር ሱቅ ነበራቸው። ሴክስ ፒስቶልስ የተባለውን ባንድ በዚያ ልብስ አስጌጡ፤ ከዚያ ወዲያ ዓለም ሁሉ ተቀደደ። ዌስትዉድ እኮ የልጆች አስተማሪ የነበረች ሴት ናት! በመቀስ ያልሠራችው ጉድ የለም። በ1992 ከንግሥቲቱ እጅ ኒሻን ለመቀበል ቤተ መንግሥት ስትሄድ ከቀሚሷ ሥር የሚለበሰውን ሳትለብስ ነው የሄደችው፤ ውጭ ለፎቶ ስትሽከረከር ነገሩ ታወቀ። ተቆጥተው አባረሯት? ኧረ በ2006 ማዕረጓን ጨመሩላት! እኛ ዘመን ሱሪው ጉልበቱ ላይ የሳሳ ልጅ እያፈረ ይመጣና "ጋሼ፣ እናቴ ሳታይ ይስፉልኝ" ይለን ነበር። ዛሬ አዲሱ ጂንስ ተቀድዶ ይሸጣል፤ ቀዳዳው በበዛ ቁጥር ዋጋው ይከፋል። መርካቶ ውስጥ አንዱን ነጋዴ "ይህ ቀዳዳ ስንት ነው?" ብዬ ብጠይቀው የቀልድ መስሎት ሳቀ። የምሬን ነበር።

ከዚያ ከርት ኮቤይን መጣ፣ ኒርቫና የሚባለው ባንድ ዘፋኝ። ሰልባጅ የለበሰ ሁሉ የሮክ ኮከብ ይሆናል ብሎ ለዓለም ያስተማረ እሱ ነው። በ1992 ሃዋይ ላይ ሲያገባ ቢጃማ ለብሶ ነው የቆመው። ሙሽራ በቢጃማ! ሚዜዎቹ ምን ለበሱ? የዚያን ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ ማርክ ጄኮብስ የተባለ ንድፍ ሠሪ የእነዚህኑ ልጆች ተራ የፍላኔል ሸሚዝ በሐር አሠርቶ ለሀብታም አቀረበ፤ ይሠራበት የነበረው ፔሪ ኤሊስ የተባለው የፋሽን ቤት ከሥራ አሰናበተው። የመጀመሪያ ጊዜ ነው ከአለቆች ጋር የተስማማሁት። ሐርን የሚያህል ጨርቅ ይዘህ ሰልባጅ ታስመስለዋለህ?

በኅዳር 1993 ደግሞ ኮቤይን ለኤምቲቪ ቴሌቪዥን ዝግጅት አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ተቀመጠ። ዘፈኑ ያሳዝናል፤ ልጁም ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ፤ እሱ ላይ ምንም አልልም። ሹራቡ ላይ ግን እላለሁ። አንድ ቁልፍ የለውም። የሲጋራ ቃጠሎ አለበት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልታጠበም። ይህ ሹራብ በ2019 ጨረታ ላይ 334,000 ዶላር ተሸጠ። ደግሜ ልበላችሁ፤ ሦስት መቶ ሠላሳ አራት ሺህ። ሳይታጠብ! አንድ ቁልፍ ለመትከል እኔ ምን ያህል እንደማስከፍል አታውቁም፤ ብነግራችሁ ታለቅሳላችሁ። ቁልፉን ብተክልለት ዋጋው ይወርድ ነበር ይለኛል የልጅ ልጄ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የኖረ ሰፊ ጤነኛ ሆኖ ሊሞት ነው?

ሀገራችንም ሮክ ገብቷል። ጃኖ ባንድ የሚባሉ ልጆች አሉ፤ ቢል ላስዌል የተባለ አሜሪካዊ ፕሮዲዩስ ያደረገላቸው "ኤርታሌ" የሚል አልበም በ2012 አወጡ። ጩኸቱ ያው ጩኸት ነው። ስማቸውን ከልብስ መውሰዳቸው ግን ደስ አሰኘኝ፤ ጃኖን የፈተለች፣ የሸመነና ጥለቱን ያሳመረ ሁሉ በስማቸው ውስጥ ድርሻ አለው። ሽሮ ሜዳ ያሉትን ሸማኔዎች ድርሻችሁ ደረሳችሁ ወይ ብዬ እስካሁን አልጠየቅኩም፤ የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁና።

አሁን ደግሞ ይባስ ብሎ የልጅ ልጄና ጓደኞቹ ባንድ አቋቁመው የመድረክ ልብስ ይስፉልን ብለው መጡ። አንዱ ክንፍ ይፈልጋል። አንዱ ከትከሻው ላይ የሚበራ መብራት። ሦስተኛው እንደዚያ ጊታር ተጫዋች ባልዲ ሊደፋ ነው፤ ከባልዲው ጋር የሚሄድ ካፖርት ይሰፋልኝ ይላል። ሰደብኳቸው፤ ከዚያ ሻይ አስፈላሁላቸው፤ ከዚያ ጨርቅ አሳየኋቸው። ክንፍ ይቻላል፤ ከውስጥ ሽቦ ይገባበታል፣ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ድርብ ስፌት ይፈልጋል። ግን ውል አለኝ አልኳቸው። ግማሹ ቀብድ ይከፈላል። ከበሮ መቺው ተቀምጦ ይለካል። ከተሰፋ በኋላ መቅደድ፣ ማቃጠል፣ ወደ ሕዝብ መወርወር የለም። የሰፊው ስም ደግሞ በጥልፍ ከጀርባ ይገባል።

በሦስቱ ተስማሙ፤ አራተኛው ላይ ተጣላን። እነሱ ከአንገትጌው ሥር በትንሹ ይሁን ይላሉ፤ እኔ ከትከሻ እስከ ትከሻ ነው ብያለሁ። ቅዳሜ ለልክ ይመጣሉ። ባለባልዲውም ይምጣ፤ ባልዲውን ግን በር ላይ ያኑር።